ሰየመ፣ ስም ቀየረ፣ ስም አወጣ፦ የስም ለውጥን ስንጽፍ የትኛው ግሥ ይሻላል?

ከተማ፣ ድርጅት፣ ሰው፣ በሽታ ወይም የኮምፒውተር ፋይል አዲስ ስም ሲያገኝ ነገሩን የምንገልጽበት ግሥ ብዙ ነው፦ ሰየመ፣ ዳግም ሰየመ፣ ስም ቀየረ፣ ስም ለወጠ፣ ስም አወጣ፣ ስም ሰጠ፣ ብሎ ጠራ፣ ተባለ፣ ተሰኘ። ብዙ ጸሐፊ እነዚህን እንደ ተመሳሳይ ቃላት ይቆጥራቸውና ድግግሞሽን ለመሸሽ ሲል ያፈራርቃቸዋል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። አንዱ ግሥ የድሮ ስም እንደነበረ ይናገራል፤ ሌላው ስለ ድሮው ስም ምንም አይልም። አንዱ ሥልጣን ያለው አካል መወሰኑን ያመለክታል፤ ሌላው ሰዉ በልማድ እንዲህ ይለዋል ከማለት አያልፍም። አንዳንዱ ደግሞ ጸሐፊው ለውጡን መውደድ አለመውደዱን ሳያስበው ያሳብቅበታል።

ስለዚህ ግሥ ከመምረጥ በፊት ሁለት ጥያቄ መመለስ ይበጃል። የድሮው ስም ምን ሆነ? አዲሱን ስም ያመጣውስ ማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ሁሉም የሚያውቃቸውን ሁለት አባቶች ማሰብ ይበቃል። አብራም አብርሃም ከተባለ በኋላ ታሪኩ አንድም ቦታ አብራም እያለ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የድሮው ስም ቀርቷል። ያዕቆብ ግን እስራኤል ከተባለም በኋላ ያዕቆብነቱ አልቀረም፤ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ስለ አብርሃም «ስሙ ተለወጠ» ማለት ይቻላል። ስለ ያዕቆብ ግን «እስራኤል ተባለ» የሚለው ይበልጥ ልክ ነው። አንደኛው መተካት፣ ሌላው መጨመር ነውና።

ስም ቀየረ፣ ስም ለወጠ

ስም ነበረው፤ ያ ቀረና ሌላ መጣ። ይህንን ብቻ ለማለት ከሆነ ከ«ስሙን ቀየረ» የተሻለ የለም። ግሡ የድሮ ስም መኖሩን በራሱ ይናገራል፤ «ከዚህ ወደዚያ» የሚለውን አገባብ ያለ ችግር ይቀበላል፤ ለሰውም ለአገርም ለፋይልም ይሆናል። «አፐር ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1984 ስሟን ወደ ቡርኪና ፋሶ ቀየረች» ቢባል ነገሩ ሙሉ ነው። ግራ የተጋባ ሰው ይህንን ግሥ ቢይዝ ብዙ አይሳሳትም።

በቀየረና በለወጠ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ ግን አለ። በንግግር ቀየረ ይቀናናል። በሕግና በደብዳቤ ቋንቋ ለወጠ ያመዝናል። ወደ ስም ሲቀየሩ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ «የስም ለውጥ» የተለመደ ነው፣ «የስም ቅያሪ» የሚለው ግን እንደ ቅያሪ ልብስ ይሰማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ስሙን መለወጥ የፈለገ ሰው በቂ ምክንያት ይዞ ዳኞች እንዲፈቅዱለት እንዲያመለክት ያደርጋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከለወጠ ይልቅ አስለወጠ ይመረጣል፦ «ስሟን በፍርድ ቤት አስለወጠች»። በዚህች በአንዲት «አስ» ውስጥ ማመልከቻውም፣ ዳኛውም፣ ውሳኔውም አለ። «ስሟን ቀየረች» ብቻ ቢባል ግን ሰዎች ሌላ ስም እንዲጠሯት ነግራቸው ሊሆን ይችላል፤ ሰነዷ ላይ የድሮው እንዳለ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ግሡ ሰው ላይ ሲያርፍና ሌላ ግሥ ሲከተለው መደበቅን ይጋብዛል። «ስሙን ለውጦ ይኖር ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ከሕግ ወይም ከጠላት መሸሸግን ነው። ሰውየው በግልጽና በሕግ ስሙን የለወጠ ከሆነ «ስሙን በሕግ አስለውጦ» ወይም «በአዲሱ ስሙ» ብሎ መጻፍ ከሐሜት ያድነዋል።

ሌላው ችግር የ«ስሙን» ባለቤት ነው። «ሊቀ መንበሩ ስሙን ቀየረ» ሲባል የራሱን ነው ወይስ የማኅበሩን? አማርኛ ይህችን ቅጥያ ለሁለቱም ይጠቀማል፤ አንባቢው ከዐውዱ ካላገኘው ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ሐሳብ እንደተሸከመ ይቀራል። «የማኅበሩን ስም ቀየረ» ብሎ ባለቤቱን በግልጽ መጻፍ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስጨምረው።

በዜና ጽሑፍ የሚዘወተረው «የስያሜ ለውጥ አደረገ» ደግሞ ከሥራው በላይ ቃል ያባክናል። ስያሜ ራሱ መልካም ቃል ነው፤ ለመሥሪያ ቤት፣ ለአደባባይ፣ ለሳይንሳዊ ቃል ይስማማል። ግሡን ግን ወደ ስም ቀይሮ «አደረገ» የሚል ባዶ ግሥ ማስከተል ዓረፍተ ነገሩን ያደክማል። «ስሙን ለወጠ» ያው ነው፤ ይበልጣልም።

ሰየመ

የዚህ ግሥ ሥር ግዕዝ ነው። በግዕዝ ሰመየ ይባላል፤ አማርኛው መ እና የን አቀያይሮ ሰየመ አለው። ስም፣ ስያሜ፣ ስሙይ ሁሉ ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። ክብደት ያለው ግሥ ነው። ሰየመ ሲባል የሚወስን አካል አለ፤ ወይ ንጉሥ፣ ወይ ምክር ቤት፣ ወይ መሥራች፣ ወይ ወላጅ።

ነገር ግን ሰየመ ስለ ድሮ ስም አንዳች አይናገርም። ከዚህ በፊት ስም ላልነበረው ነገር ስም መስጠትም ሰየመ ነው፤ ስም ለነበረው ሌላ ስም መስጠትም ሰየመ ነው። ስለዚህ ለውጥ መኖሩን ማሳወቅ ካስፈለገ የድሮውን ስም እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ግድ ይላል፦ «ተፈሪ መኮንን ይባል የነበረው ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ እንጦጦ ተብሎ ተሰየመ»። የፊተኛው ሐረግ ቢወጣ አንባቢው ትምህርት ቤቱ ያኔ የተከፈተ ይመስለዋል።

ከአገባብ ስሕተቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው «ወደ» ነው። «ኩባንያው ወደ ሜታ ተሰየመ» ተብሎ ሲጻፍ እናያለን። ሰየመ «ወደ»ን አይወስድም። መሄድ፣ መለወጥ፣ መመለስ አቅጣጫ አላቸው፤ መሰየም ግን አቅጣጫ የለውም። ወይ «ስሙ ወደ ሜታ ተቀየረ»፣ ወይ «ሜታ ተብሎ ተሰየመ» ነው የሚባለው። ሁለቱን መደባለቅ የሚመጣው ከውጭ ቋንቋ ሲተረጎም ይመስላል፤ ለማረም ግን ቀላል ነው፤ «ወደ»ን ያየ ዐይን ግሡን ይፈትሽ።

ሁለተኛው ልብ የሚባል ነገር «ብሎ ሰየመ» እና «በስሙ ሰየመ» የሚባሉት አንድ አለመሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ስሙ ራሱ ምን እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ስሙ የማን መታሰቢያ እንደሆነ ይናገራል። «ስታዲየሙን አበበ ቢቂላ ብለው ሰየሙት» እና «ስታዲየሙን በአበበ ቢቂላ ስም ሰየሙት» እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ ምክንያቱም ስሙም መታሰቢያውም አንድ ነው። ስሙና መታሰቢያው ሲለያዩ ግን ልዩነቱ ይወጣል።

ይህንን ሁሉ በአንድ ከተማ ማየት ይቻላል። ታላቁ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1703 የቆረቆራትን ከተማ ሴንት ፒተርስበርግ ብሎ ሰየማት። ስሟ የሐዋርያው የቅዱስ ጴጥሮስ ነው፤ «ጴጥሮስ ከተማዋን በስሙ ሰየማት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ንጉሡ ለራሱ ሐውልት ያቆመ ያስመስለዋል። «በሐዋርያው ስም ሰየማት» ካልን አይሳትም። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የስሟ መድረሻ ጀርመንኛ ይሸታል ተብሎ ስሟ ወደ ፔትሮግራድ ተቀየረ፤ እዚህ ላይ «በጴጥሮስ ስም ተሰየመች» ማለት አዲስ ነገር አይነግርም፤ ጴጥሮስማ ቀድሞም ነበረ። በ1924 ሌኒን ሲሞት በእሱ ስም ተሰየመች፤ ሌኒንግራድ ተባለች። በ1991 ደግሞ ወደ መጀመሪያ ስሟ ተመለሰች። አራት ጊዜ ስም፣ አራት ልዩ ልዩ አነጋገር። አራቱንም «ተሰየመች፣ ተሰየመች፣ ተሰየመች» እያሉ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ምን እንደሆነ ለአንባቢ አይደርሰውም።

ሦስተኛው የሰየመ ችግር ሹመት ነው። ግዕዝ ለመሾም ሤመ የሚል ሌላ ግሥ አለው፤ «ሥዩመ እግዚአብሔር» የሚለው የነገሥታት ማዕረግ ከዚያ ነው። በዛሬው አማርኛ ግን ሰየመ ለስምም ለሹመትም ይውላል። «ኮሚቴ ተሰየመ» ማለት ተቋቋመ ነው። «አምባሳደር አድርጎ ሰየማቸው» ማለት ሾማቸው ነው። «ችሎቱ ተሰየመ» ማለት ዳኞቹ ተቀምጠው ሥራ ጀመሩ ነው። ስለዚህ የኮሚቴ፣ የችሎት ወይም የልዑክ ስም ሲቀየር «ተሰየመ»ን አርቆ ማስቀመጥ ነው። «አጣሪ ኮሚቴው በአዲስ መልክ ተሰየመ» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አንባቢ ስም ተለወጠ ብሎ አያነበውም፤ አባላቱ ተቀየሩ ብሎ ነው የሚያነበው።

ዳግም ሰየመ፣ እንደገና ሰየመ

ይህ አነጋገር ለሰየመ ጉድለት መፍትሔ ሆኖ የመጣ ነው። ሰየመ ለውጥ መኖሩን ስለማይናገር «ዳግም» ተጨመረለት። ችግሩ «ዳግም» ሲባል ሁለት ነገር መታሰቡ ነው፤ ሌላ ስም ተሰጠው ወይስ ያው የድሮው ስም ተመለሰለት? የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተባለ፤ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ደግሞ መስቀል አደባባይነቱ ተመለሰ። «አደባባዩ ዳግም ተሰየመ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ለሁለቱም ስለሚሆን ለአንዱም አይበቃም። በጽሑፍ «ስሙ ተቀየረ» ወይም «ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ» ማለት ይበቃል፤ ዳግም ሰየመን በመጣጥፍና በዜና ውስጥ ባላየው ደስ ይለኛል።

መቀየር ወይስ መመለስ?

ከግሥ ምርጫ ሁሉ በጣም የሚከብደው ይሄ ነው። አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በኋላ በይፋ እንደገና አዳማ ሆነች። ቢሾፍቱም እንዲሁ ደብረ ዘይት ተብላ ቆይታ በይፋ ወደ ቢሾፍቱ ተመልሳለች። ብዙ ሰው በንግግር ዛሬም ናዝሬትና ደብረ ዘይት ይላል።

አሁን ሁለት ዓረፍተ ነገር እናወዳድር። «የናዝሬት ስም ወደ አዳማ ተቀየረ።» «አዳማ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች።» ሁለቱም አልዋሹም። የመጀመሪያው ግን ታሪኩን ከናዝሬት ይጀምረዋል፤ አዳማ የሚለው አዲስ መጤ እንዲመስል ያደርጋል። ሁለተኛው አዳማ ቀዳሚ መሆኗን ይዞ ይነሳል። አንባቢዎች ደግሞ ይህንን ይሰሙታል፤ የትኛውን ብትጽፍ ቅር የሚለው ሰው አለ። እኔ የምመርጠው መንገድ ሁለቱንም እርምጃ ማስቀመጥ ነው፦ «በንጉሡ ዘመን ናዝሬት የተባለችው አዳማ በኋላ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች»። መመለስ የሚባለው ቃል ሐቅ ሆኖ ሳለ ተቀየረ ማለት ገለልተኝነት አይደለም፤ የታሪኩን ግማሽ መተው ነው።

ውጭ አገርም ይኸው ነው። የስዋዚላንድ ንጉሥ ምስዋቲ ሦስተኛ እ.ኤ.አ. በ2018 አገራቸው ኢስዋቲኒ እንደምትባል ሲያውጁ የአገሩ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ቀድሞም ኢስዋቲኒ ይል ነበር። ስለዚህ ለእነሱ ስሙ አልተቀየረም፤ የውጭው ዓለም የሚጠራበት ነው የተቀየረው። ቱርክም በ2022 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በራሷ ቋንቋ አጻጻፍ እንዲጠራት አደረገች። ይህ በአማርኛ «ቱርክ ስሟን ቀየረች» ሊባል አይገባም። በእንግሊዝኛ የምትጠራበትን አስለወጠች ነው። በአማርኛ ድሮም ቱርክ ናት፤ ዛሬም ቱርክ ናት።

ቀየሩልን፣ ቀየሩብን

አማርኛ በግሥ ጫፍ ላይ በምታርፍ አንዲት ፊደል ፍርድ ይሰጣል። «የመንደራችንን ስም ቀየሩልን» ያለ ሰው ደስ ብሎታል፤ ምናልባት ጠይቆ ነው የተደረገለት። «ቀየሩብን» ያለ ሰው ተበድሏል። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ለ እና በ ብቻ ናቸው የተለያዩት። በራሱ ድምፅ ለሚጽፍ ሰው ይህ ሀብት ነው፤ በሁለት ገጽ የማይነገረውን በአንድ ፊደል ይናገራል። ዘገባ ለሚጽፍ ሰው ግን ወጥመድ ነው። «ምክር ቤቱ የትምህርት ቤቱን ስም ቀየረለት» ሲል ሳያውቀው ምክር ቤቱን አመስግኗል። «ቀየረበት» ካለ ከሶታል። «የትምህርት ቤቱን ስም ቀየረ» ካለ ግን ድርጊቱን ብቻ ተናግሯል፤ ፍርዱ የአንባቢው ነው። የሰው ንግግር ሲጠቀስ ደግሞ በተቃራኒው፣ ተናጋሪው «ቀየሩብን» ካለ ጸሐፊው አለስልሶ «ቀየሩ» ሊያደርገው አይገባም።

ተብለው ነገሡ

የነገሥታትን ስም በተመለከተ «ስማቸውን ቀየሩ» የሚለው አይሠራም። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ተፈሪ መኮንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በሁለተኛው ላይ «ቀየሩ» ማለት እንዲያውም ስሕተት ነው፤ ኃይለ ሥላሴ ከልጅነታቸው ጀምሮ የክርስትና ስማቸው ነበር። ያልነበረ ስም አላመጡም፤ የነበራቸውን ስም ወደ ዙፋን አወጡት። «ተብለው ነገሡ» ይህንን ሁሉ ሳይነካ ያልፋል፤ ስሙ ከሥልጣኑ ጋር አብሮ መምጣቱን ብቻ ይናገራል። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው፤ አባ መላኩ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ፓትርያርክ ሆኑ እንጂ «ስማቸውን ለወጡ» አይባልም።

የፈረስ ስም ደግሞ ሌላ ነው። አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ይህ ለውጥ አይደለም፤ ጭማሪ ነው። ለእንዲህ ያለው «ይባሉ ነበር» ወይም «ይጠሩ ነበር» ብቻ ነው የሚስማማው። የብዕር ስምና የትግል ስምም እዚሁ ይገባሉ።

ስሙ ብቻ ነው ወይስ ነገሩም?

ስም መቀየር ማለት ነገሩ ያው ሆኖ መጠሪያው ሲለወጥ ነው። ነገሩም ከተለወጠ ሌላ ግሥ ያስፈልጋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ስሙን ወደ አፍሪካ ኅብረት «ቀየረ» ተብሎ ይጻፋል። አልቀየረም። በሌላ መመሥረቻ ሰነድ የተቋቋመ ሌላ ድርጅት ተካው። «በአፍሪካ ኅብረት ተተካ» ነው የሚባለው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ያሳየናል። በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ያ ኮሌጅና ሌሎች ኮሌጆች ተጣምረው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ይህ የስም ለውጥ ብቻ አይደለም፤ ብዙው አንድ የሆነበት ነው። ከአብዮቱ በኋላ ግን ያው ዩኒቨርሲቲ ስሙ ተቀየረ፤ ዛሬ የያዘውን ስም ያዘ። ለ1954ቱ «ተቋቋመ»፣ ለኋለኛው «ስሙ ተቀየረ»።

የማኅበራዊ ሚዲያዎቹም ብዙ ሰው አሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሜታ የተባለው ኩባንያው ነው፤ ሰዎች በየስልካቸው የሚከፍቱት ፌስቡክ አሁንም ፌስቡክ ነው። ስለዚህ «ፌስቡክ ስሙን ቀየረ» ሳይሆን «የፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ስሙን ቀየረ»። ትዊተር ግን በ2023 ራሱ መድረኩ ኤክስ ተባለ፤ እዚያ ላይ «ትዊተር ስሙን ቀየረ» ልክ ነው። አርማና ቀለም ብቻ ከተለወጠ ደግሞ ስም የሚለው ቃል መግባት የለበትም።

ጠራ፣ ተባለ፣ ተሰኘ

እነዚህ ከውሳኔ ይልቅ ለአጠቃቀም ቅርብ ናቸው። «ተባለ» ሁሉን ቻይ ነው፤ ማን እንዳለው ባይታወቅም ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም የሚመረጠው ለዚህ ነው። «ተሰኘ» የጽሑፍ ቋንቋ ነው፤ ለመጽሐፍ፣ ለዜማ፣ ለፕሮግራም ርዕስ ያምራል፤ ለሰውና ለመንደር ግን የተጋነነ ይመስላል። «ጠራ» ከ«እንዲ» ጋር ሲሄድ ጥያቄን ወይም ምክርን ለመጻፍ ይመቻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የዝንጀሮ ፈንጣጣ ሲባል የቆየው በሽታ ኤምፖክስ ተብሎ እንዲጠራ መከረ፤ የድሮውና አዲሱ ስም ለአንድ ዓመት አብረው እንዲሠሩም አለ። «ስሙን ቀየረው» ብንል ያ የአንድ ዓመት መሸጋገሪያ ይጠፋል። «እንዲጠራ መከረ» ግን ሰዉ ያኔ ገና ወደ አዲሱ ስም በመሄድ ላይ እንደነበረ ያሳያል።

ስም አወጣ

ለሕፃን፣ ለቤት እንስሳ፣ ለቅጽል ስም ከዚህ የሚበልጥ የለም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ግሡ ከወላጅና ከቤት ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ሙቀት አለው። ለአዲስ ድርጅትም «ስም አወጣንለት» ማለት ያምራል። ለለውጥ ግን ብቻውን አይበቃም፤ «ሌላ ስም አወጣለት» ወይም «አዲስ ስም አወጣለት» መባል አለበት።

እዚህ ላይ «ለት» የግድ የሚመጣ ስለሆነ እንደ «ቀየረለት» ምስጋና አይሆንም። በባቢሎን የጃንደረቦቹ አለቃ ለአራቱ የይሁዳ ልጆች ስም ሲያወጣላቸው በፈቃዳቸው አልነበረም። ውጤቱም አንድ አልሆነም። ብልጣሶር የተባለው ዳንኤል ዛሬም ዳንኤል ነው። ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ግን ብዙ ሰው በተሰጣቸው ስም ያውቃቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ደግሞ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ማለቱን አልተወም። ስም ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ የወጣው ስም መጽናቱ ሌላ። «ስም አወጡበት» ከተባለ ግን ያለ ጥርጥር ስድብ ነው፤ «ስም ለጠፉበት»ና «ታፔላ ለጠፉበት» ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ።

የድሮውን ስም ምን እናድርገው?

የቀረውን ስም ለመግለጽ ሲሞከር ሁለት አደገኛ ቃላት አሉ። «ስሙን አጠፋ» ማለት ስም መደምሰስ አይደለም፤ ማዋረድ ነው፤ ስም ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል። «ስሙን አነሣ» ማለት ደግሞ ማስወገድ አይደለም፤ መጥቀስ ነው። «ከተማዋ የድሮ ስሟን አነሣች» ብሎ የጻፈ ሰው ያላሰበውን ተናግሯል። ከመዝገብ ከሆነ «ተሰረዘ»፣ ከሰሌዳ ከሆነ «ተፋቀ»፣ ከአፍ ከሆነ «ቀረ»።

በታሪክ ጽሑፍ ደግሞ ስሙ በጊዜው ምን እንደነበረ መጠበቅ ያስፈልጋል። በ1962 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ ብሎ መጻፍ ዲፕሎማው ላይ የሌለ ስም መስጠት ነው። «ከያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» ማለት በቂ ነው። ሰውን በተመለከተ «በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ ኃይሉ» የሚለው አገባብ ሁለቱንም ስም በቦታቸው ያስቀምጣል። «የቀድሞው» የሚለውን ግን ከስሙ ጋር ሲያያዝ ማስተዋል ነው። «የቀድሞው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል» ሲባል ሆስፒታሉ የፈረሰ ይመስላል፤ ሆስፒታሉ ግን ጦር ኃይሎች ተብሎ ቀጥሏል። «በቀድሞ ስሙ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል» ቢባል የቀረው ስሙ ብቻ መሆኑ ይታወቃል።

በኮምፒውተርና በስልክ

በአማርኛ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ «ዳግም ሰይም» ይላሉ። ሰው ግን ሲነጋገር «ስሙን ቀይረው» ወይም «ሪኔም አድርገው» ነው የሚለው። ፋይል ላይ የክብር ግሥ መጫን አያስፈልግም፤ ቁልፉ ላይ «ስም ቀይር» ቢጻፍ አጭር ነው፣ አያሻማም፣ ሁሉም ይረዳዋል። አዲስ አቃፊ ሲከፈት ደግሞ «ስም ስጥ» ይበቃል፤ እዚያ የሚቀየር ስም የለምና። «በሌላ ስም አስቀምጥ» የሚለው ከእነዚህ ጋር መምታታት የለበትም። ስም ሲቀየር ፋይሉ አንድ እንደሆነ ይቀራል። በሌላ ስም ሲቀመጥ ግን ሁለት ይሆናል፤ የድሮው በድሮ ስሙ እዚያው አለ፤ ተጠቃሚው አርሜዋለሁ ብሎ የሚልከውም አንዳንዴ ያንኑ ያልታረመውን ነው።